ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው የገባችው ጠበቃ

ባርባራ ጆርዳን ወደ ቴክሳስ ሴኔት የገባችበት መንገድ

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል የአገር ቤት ሰው። ብዙዎች የሚያስታውሱት ሁለተኛውን ግማሽ ነው። መናገር የሚያውቅ ሰው ሁሉን ያሸንፋል ብለው ያምናሉና። የባርባራ ጆርዳን ታሪክ ግን የመጀመሪያውንም ግማሽ ያስታውሳል። ውሃው እስኪጎድል ድረስ የተናጋሪ ጉብዝና ብቻውን አያሻግርም።

በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ በሂዩስተን ከተማ፣ አንዲት የ26 ዓመት ጥቁር ጠበቃ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድራ ወደቀች። በ1964 እንደገና ተወዳደረች፤ እንደገና ወደቀች። በ1966 ለሦስተኛ ጊዜ ቆመችና ሁለት እጅ ለአንድ በሆነ ድምፅ አሸነፈች። በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ድምፅዋ ያው ድምፅ፣ ትምህርቷም ያው ትምህርት፣ የቆዳዋም ቀለም ያው ቀለም ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ? ይህን ማወቅ በዚህ አገር ለሚኖርና ልጅ ለሚያሳድግ ስደተኛ ሁሉ ይጠቅማል።

የቁራሌው የልጅ ልጅ

ባርባራ ጆርዳን የተወለደችው በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1936 በሂዩስተን ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። ከሦስት ሴቶች ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። አባቷ ቤንጃሚን ጆርዳን በመጋዘን ሠራተኛነት የሚተዳደሩ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ብዙ የመከሯት ግን የእናቷ አባት ጆን ኤድ ፓተን ናቸው። ሥራቸው አሮጌ ዕቃና ቁርጥራጭ ብረት እየሰበሰቡ መሸጥ፣ የአዲስ አበባ ሰው «ቁራሌ» የሚለው ዓይነት ነበር። ልጅቷን አጠገባቸው አድርገው ከማንም ጋር ራሷን እንዳታወዳድር፣ በራሷ እግር እንድትቆም ይነግሯት ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ኢዲት ሳምፕሰን የተባሉ ጥቁር የሴት ጠበቃ ከቺካጎ መጥተው ለተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ሳምፕሰን በ1950 ፕሬዝዳንት ትሩማን አሜሪካን በተባበሩት መንግሥታት እንዲወክሉ ከሾሟቸው ሰዎች አንዷ ነበሩ። ባርባራ ያን ቀን ጠበቃ ለመሆን ቆረጠች። ጠበቃ ምን እንደሚሠራ በውል ባታውቅም፣ አንዲት ጥቁር ሴት እንዲህ ቆማ ስትናገር ማየቷ በቂ ሆነላት።

በ1952 ትምህርቷን ስትጨርስ ኦስቲን ያለው ትልቁ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጥቁር አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በዚያው በሂዩስተን ቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። የዚህ ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ራሱ ታሪክ አለው። ሂማን ስዌት የተባለ የሂዩስተን ፖስተኛ በ1946 ኦስቲን ሕግ ልማር ብሎ አመለከተ። ሲከለከል ከሰሰ። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት እሱን ከማስገባት ብሎ በ1947 ለጥቁሮች የተለየ ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ኋላ ቴክሳስ ሳዘርን የተባለው ይህ ነው። ስዌት በ1950 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸንፎ የሕግ ትምህርት ቤቱ በር ቢከፈትም፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን እስከ 1956 ዝግ ነበር።

ባርባራ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የክርክር ቡድን ውስጥ ስሟ ገነነ። ቡድኑ ከሃርቫርድ ጋር ተከራክሮ እኩል ወጣ። በ1956 በማዕረግ ተመርቃ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያ ስትደርስ ግን የጎደላትን አየች። ጓደኞቿ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያነበቡትን እሷ አላነበበችም። ለጥቁር ተለይቶ የተሠራ ትምህርት ቤት «እኩል ነው» ቢባልም እኩል እንዳልነበር በራሷ ላይ አየችው። እልህ ይዟት ሌሎቹ ሲተኙ እያነበበች በ1959 ተመረቀች። በማሳቹሴትስም በቴክሳስም የጥብቅና ፈቃድ አገኘች።

የምግብ ጠረጴዛው ቢሮ

ሰሜን ቀርታ መሥራት ትችል ነበር። አልቀረችም። ጥቂት ጊዜ አላባማ ውስጥ በተስኪጊ ካስተማረች በኋላ በ1960 ወደ ሂዩስተን ተመለሰች። ቢሮ ለመከራየት ገንዘብ ስላልነበራት የወላጆቿን የምግብ ጠረጴዛ ቢሮዋ አደረገችው። ደንበኞቿ እዚያው እየመጡ ጉዳያቸውን ይነግሯት ነበር።

ያ ዓመት ጆን ኬኔዲና ሊንደን ጆንሰን ለፕሬዝዳንትነትና ለምክትልነት የተወዳደሩበት ነበር። ወጣቷ ጠበቃ ወደ ዴሞክራቶች የዘመቻ ቢሮ ሄዳ ልሥራ አለች። የተሰጣት ሥራ አድራሻ መጻፍና በፖስታ ላይ ቴምብር መለጠፍ ነበር። አንድ ምሽት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሊናገር የተያዘው ሰው ሲቀር እሷ ተተካች። ከዚያ ወዲያ ቴምብር የመለጠፉ ሥራ ለሌላ ተሰጠ።

ሆኖም በዚያ ዘመቻ ትልቁ ሥራዋ ንግግር አልነበረም። በ40 የጥቁሮች የምርጫ ጣቢያዎች ለየመንደሩ አንድ ኃላፊ እየተመደበ፣ ቤት ለቤት እየተዞረ፣ ማን እንደተመዘገበ፣ ማን መኪና እንደሚያስፈልገው የሚያዝበት አሠራር ተዘረጋ። እሷም ከአደራጆቹ አንዷ ነበረች። በምርጫው ዕለት በእነዚያ ጣቢያዎች ከተመዘገበው 80 ከመቶ ያህሉ ወጥቶ መረጠ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ ድምፅ መስጠት በነጻ እንዳልነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1902 ጀምሮ መራጭ በየዓመቱ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍል ነበር። ግብሩ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሲሆን፣ የሚከፈለውም ምርጫው ገና ወራት ሲቀረው እስከ ጃንዋሪ 31 ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም ለቀን ሠራተኛና ለቤት ሠራተኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከዚያም በፊት ጥቁር ሕዝብ በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከነጭራሹ አይሳተፍም ነበር። ያን ክልከላ በ1944 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስሰረዘው የሂዩስተኑ ጥርስ ሐኪም ሎኒ ስሚዝ ነው። ፖስተኛውም ጥርስ ሐኪሙም ሥልጣን ፈልገው አልተነሡም። እያንዳንዳቸው አንድ በር ከፈቱ።

ለምን ወደቀች?

በ1962 ባርባራ ለመመዝገቢያ የሚከፈለውን 500 ዶላር ተበድራ ለክፍለ ግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረች። ወደ 46 ሺህ ድምፅ አገኘች። ተቀናቃኟ ወደ 65 ሺህ አገኘ። በ1964 ውጤቱ ያው ሆነ። ወዳጆቿ ሴት መሆኗ፣ ጥቁር መሆኗ፣ ጠና ያለ ሰውነቷ ሳይቀር ምክንያት ነው አሏት። ትዳር ይዛ ብትቀመጥ ይሻላል ያሏትም ነበሩ። እሷም ቴክሳስን ለቆ መሄድን አሰበች።

ትልቁ ምክንያት ግን ቆጠራው ላይ ነበር። ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ በ1960 ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ አምስት አንድ እጅ ያህሉ ጥቁር ነው። ካውንቲው በምክር ቤቱ 12 መቀመጫ ቢኖረውም፣ ለእያንዳንዱ መቀመጫ የሚመርጠው የካውንቲው ሕዝብ በሙሉ ነበር።

ይህን በዕድር ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ዕድር 100 አባላት አሉት እንበል። ከመቶዎቹ 20ዎቹ አንድ ሰፈር ይኖራሉ። ለአሥር የኮሚቴ ቦታዎች ምርጫ ሲደረግ ለእያንዳንዱ ቦታ መቶውም ድምፅ ከሰጠ፣ ሰማንያዎቹ ከተስማሙ አሥሩንም ይወስዳሉ። ሃያዎቹ አንድ ሰው እንኳ አያስገቡም። ዕድሩ በሰፈር ተከፍሎ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ሰው ቢመርጥ ግን ሃያዎቹ ሁለት ሰው ያስገባሉ። አባላቱ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። የተለወጠው መስመሩ ነው።

በሴኔቱ በኩል ደግሞ የባሰ ነበር። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ካውንቲው የቱንም ያህል ቢበዛ ከአንድ ሴናተር በላይ እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ከሚሊዮን በላይ የሆነው የሃሪስ ሕዝብ አንድ ሴናተር ብቻ ነበረው። በገጠሩ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ሕዝብ የራሱን ሴናተር ይልክ ነበር።

ውሃው ሲጎድል

በማርች 1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቴነሲ በመጣ ጉዳይ ላይ የምርጫ ክልል አከፋፈል በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ። በጁን 1964 ደግሞ ከአላባማ በመጣ ጉዳይ ሁለቱም የክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት እኩል እንዲከፈሉ አዘዘ። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚባለው መርሕ ይህ ነው። በ1965 የፌዴራል ፍርድ ቤት የቴክሳስን አከፋፈል አፈረሰው፤ ክልሉም እንደ አዲስ ተሠመረ። በኦገስት 1965 ፕሬዝዳንት ጆንሰን የድምፅ መብት ሕግን ፈረሙ። በ1966 መጀመሪያ ላይ ያ የነፍስ ወከፍ ግብር በፍርድ ቤት ተሻረ።

ባርባራ አዲሱን ካርታ ዘርግታ ቁጥሩን አየች። አሥራ አንደኛው የሴኔት ክልል ፊፍዝ ዋርድን ይዞ ነበር። ጥቁሮች፣ የሜክሲኮ ዘር ያላቸውና የሠራተኛ ማኅበር አባላት የሆኑ ነጮች አብረው የሚኖሩበት ክልል ነው። በሁለቱ ውድድሮች ያሸነፈችባቸው ጣቢያዎች አብዛኞቹ በዚሁ ክልል ውስጥ ተሰብስበው ተገኙ። በ1962ና በ1964 የወደቁት ድምፆች የት እንዳሉ ተመዝግቦ ስለነበር ከንቱ አልቀሩም። የት መቆም እንዳለባት የነገሯት እነሱ ናቸው።

ተቀናቃኟ ቻርልስ ዊትፊልድ የተባለ ለጥቁሮች መብት ድምፅ ይሰጥ የነበረ ነጭ የምክር ቤት አባል ነበር። ጥቁሮች በዘር እየቧደኑ ይመርጣሉ፤ ነጭ ሰው ማሸነፍ አይችልም ወይ? የሚል ጥያቄ አነሣ። የእሷ መልስ አጭር ነበር፤ በዚህኛው ዙር አይችልም። ለዘመናት አንዱ ዘር ብቻ ሲመርጥና ሲመረጥ ይህን ጥያቄ ያነሣ እንዳልነበረም አስታወሰች። በሜይ 1966 በተደረገው ቅድመ ምርጫ አሸነፈች። በዚያ ዘመን ቴክሳስ ውስጥ የዴሞክራቶችን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ምክር ቤት ገባ ማለት ነበር።

ሠላሳ ወንዶችና አንዲት ሴት

ጃንዋሪ 10 ቀን 1967 ቃለ መሐላ ስትፈጽም ከ31 ሴናተሮች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም፤ ጥቁር ሴት ደግሞ ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም። ደመወዙ በዓመት 4,800 ዶላር ነበር። ጥብቅናን የመሰለ ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በዚያ ወንበር ሊቆይ አይችልም።

ብዙዎች ገና ከመግባቷ ነጎድጓድ ንግግር ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ የአሠራር ደንቡን አጠናች። ከዚያ ደንብ ውስጥ አንድ ቁልፍ አገኘች። በዚያን ጊዜ በሴኔቱ ልማድ አንድ ረቂቅ ለክርክር የሚቀርበው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈቅድ ነበር። ስለዚህ 11 ሴናተር የያዘ ሰው ረቂቁን ያስቆም ነበር። የመራጮችን ምዝገባ የሚያጠብ ረቂቅ በመጣ ጊዜ አንድ በአንድ ሄዳ አሥር ሰው አሰለፈች። ራሷ አሥራ አንደኛ ሆነች። ረቂቁ ሳይነሣ ቀረ። በዚያው የመጀመሪያ ጉባኤ መጨረሻ ባልደረቦቿ በሙሉ ድምፅ የምስጋና ውሳኔ አወጡላት።

በ1969 ቴክሳስ የመጀመሪያውን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ስታወጣ ከገፉት አንዷ እሷ ነበረች። በሥራ ላይ ለሚጎዱ ሠራተኞች የሚከፈለው ካሣም እንዲሻሻል ታግላለች። በማርች 1972 ሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዝዳንቱ አድርጎ መረጣት። በጁን 10 ቀን ገዥውና ምክትላቸው ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ስለነበሩ በልማዱ መሠረት ለአንድ ቀን የቴክሳስ ገዥ ሆነች። አባቷ በዚያ በዓል ላይ እንዳሉ በድንገት ታመሙ። ልጃቸውን በገዥ ወንበር አይተው በማግሥቱ አረፉ።

እርሳሱ በእጇ ሲገባ

እዚህ ላይ ታሪኩን አሳምሮ ማቆም ይቻል ነበር። እውነቱ ግን ሌላም ገጽ አለው። በ1971 ካርታው እንደገና ሲሠራ ባርባራ ጆርዳን ራሷ ከክልል አካፋዮቹ ኮሚቴ ምክትል ሊቀ መንበር ነበረች። ሂዩስተን ውስጥ ለዋሽንግተኑ ኮንግሬስ አዲስ 18ኛ ክልል ተሠመረ፤ እሷን የሚመጥን ክልል ነበር። የድሮው የሴኔት ክልሏ ግን ተለወጠና ጥቁር እጩ ለማሸነፍ የሚቸገርበት ሆነ። ከርሷ ጋር በ1966 ለተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠው ጥቁር ባልደረባዋ ከርቲስ ግሬቭስ፣ የሕዝቡን የሴኔት ወንበር ለራሷ የኮንግሬስ ወንበር ሸጠችው ብሎ በአደባባይ ከሰሳት። በ1972 ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት አሸነፈችው። ሆኖም እሷ ከወጣች በኋላ እስከ 1983 ድረስ በቴክሳስ ሴኔት ጥቁር ሰው አልተቀመጠም። በመስመር ምክንያት የወደቀችው ሴት፣ መስመሩን የመሥመር ዕድል ስታገኝ የወጣው ካርታ ሌላውን አስቀረ። ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲጻፍ ይህን መዝለል አይገባም።

ኮንግሬስ ከገባች በኋላ በ1975 የድምፅ መብት ሕግ ወደ ቴክሳስ እንዲሰፋ፣ እንግሊዝኛ አጥርተው ለማይናገሩ የስፓኒሽና የሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪዎችም ከለላ እንዲሰጥ ሠርታለች። በ1979 ኮንግሬስን ለቃ ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። በ1952 አንድ ተማሪ አድርጎ ሊቀበላት የማይፈልገው ያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ከኢትዮጵያዊው ስደተኛ ጋር

የዚህች ሴት እጅ የኢትዮጵያዊውንም ጉዳይ ነክቷል። ከ1993 ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ ኮንግሬስ ያቋቋመውን የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርታለች። ኮሚሽኑ በ1995 ባቀረበው እቅድ በሕጋዊ መንገድ የሚገባው ሰው በዓመት ወደ 550 ሺህ ዝቅ እንዲል፣ ዜጋ የሆነ ሰው እኅት ወንድሙን የሚያመጣበት መንገድም እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ወገን የመጣበትን የዲቪ ሎተሪም በእቅዱ አላስቀመጠም። በሌላ በኩል፣ እዚህ አገር የተወለደ የስደተኛ ልጅ ዜግነት አያግኝ የሚለውን ሐሳብ በዚያው ዓመት በኮንግሬስ ፊት ቆማ ተቃውማለች። የገቡትም በፍጥነት ዜጋ ሆነው እንዲመርጡ ትፈልግ ነበር። የኮሚሽኑ ቅነሳ በሕግ አልጸደቀም። በሐሳቧ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል። እሷ ግን በጃንዋሪ 17 ቀን 1996 በ59 ዓመቷ አርፋ በኦስቲን የክፍለ ግዛቱ መካነ መቃብር ተቀበረች። በዚያ ቦታ የተቀበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነች።

መስመሩ እስከ ዛሬ እየተሠመረ ነው። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቴክሳስ የምርጫ ደንቧን ስትለውጥ አስቀድማ የፌዴራል ፈቃድ እንድትጠይቅ የሚያስገድደውን አሠራር አስቀረ። በኦገስት 2025 የቴክሳስ ምክር ቤት አሥር ዓመቱ ሳይሞላ አዲስ የኮንግሬስ ካርታ አጸደቀ። መስመራቸው ከተለወጠው መካከል ያ 18ኛው ክልል አንዱ ነው።

የማኅበረሰባችን ሰው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር ያድራል፤ ክፉ ልማድም አይደለም። የሚኖርበት ቤት በየትኛው የክፍለ ግዛት ሴናተር ክልል እንደሚወድቅ ቢጠየቅ ግን ዝም የሚለው ይበዛል። የልጁን ትምህርት ቤት በጀት፣ የታክሲውን ፈቃድ፣ የሰዓት ደመወዙን ከሚወስኑት ዋነኞቹ በክፍለ ግዛትና በከተማ ደረጃ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ባርባራ ጆርዳን ከንግግሯ በፊት ያደራጀችው 40 የምርጫ ጣቢያዎችን ነው። ዕድር ማቋቋም፣ ዕቁብ መሰብሰብ፣ ለቀብር ቤት ለቤት መዞር የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዜጋ የሆነው ይመዝገብ፤ የተመዘገበው ጎረቤቱን ይጠይቅ። የመጀመሪያው ዙር ቢከሽፍ እንኳ ድምፁ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ካርታው በተለወጠ ቀን የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ያን መዝገብ የያዘው ነው።